የጠላፊዎች የልምድ ልውውጥ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2018

ይህን ደብተር የገዛሁት ለቃለ ጉባዔ ነበር። ጓደኛዬ ለታ ግን «ቃለ ጉባዔውን ኮምፒውተር ላይ እይዘዋለሁ» አለና ደብተሩ ባዶውን ቀረ። ሌላዋ ጓደኛችን ሶፊ ደግሞ ንዴትሽን ሰው ላይ ከምታፈሺ ወረቀት ላይ አፍስሺው ብላ ስንት ጊዜ መክራኛለች። ሶፊ የሁሉም ሰው እናት መሆን ያምራታል። ይኸው እያፈሰስኩ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሃካቶን የምናዘጋጅ ሰዎች ሞልተናል። ልጆች አንድ አዳራሽ ውስጥ ተሰብስበው፣ ሳይተኙ አድረው ሶፍትዌር የሚሠሩበት ውድድር ማለት ነው። ሁላችንም ለየብቻችን ያንኑ ስህተት እንደግማለን። እኔ ባዘጋጀሁት ላይ መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ ናፍጣ አልነበረውም። ሶፊ ባዘጋጀችው ላይ «ማስረከቢያ 6 ሰዓት» ተብሎ ተለጥፎ ግማሹ በሀበሻ፣ ግማሹ በፈረንጅ አንብቦት ልጆቹ ተናንቀው በጥበቃ ተገላገሉ። ለታ ይህን ሰምቶ «ለምን አንሰባሰብም? አንዱ የወደቀበት ጉድጓድ ውስጥ ሌላው ለምን ይወድቃል?» አለ። ሐሳብ ሲመጣለት ፀጉሩን ያካል። የሚገርም ልጅ ነው፤ ማለቴ ለሥራ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

የመጀመሪያው ስብሰባ፣ ላፍቶ፣ የለታ አጎት የጋሽ ቀጄላ የሠርግ አዳራሽ። ጋሽ ቀጄላ አዳራሹን የሠሩት ድሮ ጤፍ ያርሱበት በነበረው መሬት ላይ ነው፤ ከጀርባው አሁንም ላሞች አሏቸው። ኪራይ አይጠይቁንም።

ደንባችን አንድ ነው። የሚናገር ሰው መጀመሪያ የተበላሸበትን ይናገራል። የተሳካለትን የሚያወራማ በየካፌው ሞልቷል። አንዱ ከሳሪስ የመጣ አዘጋጅ ተነሥቶ አሸናፊው ሲታወጅ የተሸነፈው ቡድን ዳኛውን በወንበር እንደመታው ነገረን። «ጥርሱ ተረፈ?» አለ አንዱ። «ከፊሉ» አለ። ሳቅን። እኔ ከሁሉም በላይ ሳቅኩ፣ እንባዬ እስኪመጣ። ከዚያ ለታ በርጋታ «ዳኛው ቀና ብሎ የሚወጣበት የተለየ በር ቢኖር ኖሮስ?» ብሎ ጠየቀ፤ ሁሉም ጻፈ። እንዲህ ነው ሥራ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ወረዳው የፈቃድ መጠየቂያ ደብዳቤያችንን መለሰው። «ሃካቶን የሚባል ነገር አላውቅም፣ በደጅ የሚሰቀል ጽሑፍ በአማርኛ ይሁን» አለ ሰውዬው፤ ጥርሱን በስቴኪኒ እየጎረጎረ። ጠረጴዛውን ልገለብጥበት ትንሽ ነው የቀረኝ።

ማታ ሦስታችን ስም ስንፈልግ አመሸን። ለታ «የፈጠራ ውድድር አዘጋጆች መድረክ» አለ። የሞተ ስም። እኔ «ጠላፊዎች» አልኩ። እናቴ ሃይሌ ጋርመንት ጀርባ ቤት ተከራይታ የሰው ቀሚስ ስትጠልፍ ነው ያሳደገችን። ጠላፊ ማለት ክርን ከክር አያይዞ ከምንም አበባ የሚያወጣ ሰው ነው። ሃከርንም ዜናው ሁሉ ጠላፊ ይለዋል። ሁለቱ ትርጉም አንድ ቃል ላይ ሲገጥም ዝም ተብሎ ይታለፋል?

ሶፊ «ሚኪዬ፣ ሰው ጠላፊ ሲባል ሌላ ነገር ነው የሚያስበው። ዘመኑም ክፉ ነው፣ ሰው በየመንገዱ እየታገተ» አለች። «የሚመጣው ፕሮግራመር ነው፣ ሰው አይደለም» አልኳት። ለታ ሳቀና «እሺ፣ እንደ ሚካል ይሁን» አለ። ለታ እሺ ሲለኝ ጉልበት ይሰጠኛል።

ለእማዬ ስነግራት መነጽሯን ከፍ አድርጋ አየችኝ። «እኛ አገር ጠላፊ በፈረስ ነው የሚመጣው» አለች። ወንድሜ ኖላዊ ሽንት ቤት ድረስ እየሳቀ ሄደ።

ሰኞ፣ ኅዳር 1

ባነሩ መጣ። የማተሚያ ቤቱን ልጅ በአፌ ልበላው ነበር።

በስልክ «ከጽሑፉ ሥር መርፌ አድርግበት» አልኩት። መርፌ። የጥልፍ መርፌ፣ ክር ያለው። እሱ የሐኪም መርፌ አድርጎበታል፤ ከጫፉ ጠብታ የሚንጠባጠብ፣ ክንድ የሚያክል። «የጠላፊዎች የልምድ ልውውጥ መድረክ» ይላል በቀይ፤ ከዚያ ያ መርፌ፤ ከዚያ «ኑ፣ አብረን እንጥለፍ»።

ለታ አየውና «ይቀየር» አለ። «ስብሰባው እኮ የሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ነው፣ ማን ቆሞ ይጠብቀናል?» አልኩ። «ሚካል፣ አያምርም።» «ይሰቀል አልኩ።» ተሰቀለ። ወረዳውም ደብዳቤያችን ላይ ማህተሙን ሳያነብ ነው የመታው። ጥፋቱ የማተሚያ ቤቱ ነው፣ ሁለተኛ የወረዳው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ቲና የምትባል ልጅ መጥታለች። የወይዘሮ ማናዬ ልጅ ናት፣ እኛ ኮንዶሚኒየም ከሥራችን ያለው ወለል ላይ ነው የሚኖሩት። አሥራ አንደኛ ክፍል። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በአዳራሹ በኩል አልፋ «ፕሮግራሚንግ ልማር» አለች። ለታ ተቀበላት። ጎን ለጎን ተቀምጠው ያስተምራታል። እኔ ራውተሮቹን ብቻዬን ተሸከምኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ሥራ በዝቷል። ቲና ዛሬም መጣች። ለታ ታክሲ ድረስ ሸኛት። ሲመለስ «ጎበዝ ልጅ ናት፣ እኛ ጋ ሴት አዘጋጅ ያንሰናል» አለኝ። እኔ ምንድነኝ? አልኩ በልቤ። ሶፊ ፎቶ አንሥታቸው የቴሌግራም ቡድናችን ላይ ለጠፈችው። ሁለቱ ብቻ፣ ጀርባቸው ባነሩ።

እሑድ፣ ኅዳር 7

እራት ላይ ኖላዊ ስለ ስብሰባው ጠየቀኝ። «ለታን ጠይቀው፣ እሱና የማናዬ ልጅ አይነጣጠሉም፤ አንድ ቀን ይዟት ይጠፋል» አልኩ እንደ ቀልድ። ኖላዊ ማኘኩን አቆመ። ቲናን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያውቃታል፣ የስልክ መጠገኛ ሱቁ በር ላይ ነው ያደገችው። «ልጅ እኮ ናት» አለ። «እንግዲህ» አልኩ። እማዬ ድንች ጨምሪበት አለችኝ፣ ወጡ ጨው በዝቶበት ነበር።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ቲና ማክሰኞ ከትምህርት ቤት አልተመለሰችም። ስልኳ ዝግ ነው። ወይዘሮ ማናዬ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ደረቷን ትደቃለች። ፖሊስ ነገ ነይ አላት አሉ።

ለታ ጨንቆታል። ስብሰባውን እናራዝመው አለ። ሰዉ ከሐዋሳ ከአዳማ ተነሥቷል እኮ፣ እንዴት ይራዘማል? አይራዘምም አልኩ።

ታክሲ ውስጥ ረዳቱ፤ «ላፍቶ ጠላፊዎች ገብተዋል አሉ፣ በመርፌ ነው የሚያደነዝዙት።» ማንም አልሳቀም። ወርጄ በእግሬ ሄድኩ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ለታ ሆስፒታል ነው።

ደም፣ የእሱ ነው፣ ቀሚሴ ላይ። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ።

አልችልም አሁን።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ከመጀመሪያው ልጻፈው፣ አለዚያ አያስተኛኝም።

ኅዳር ሲታጠን ነበር። በየደጁ ቆሻሻ ተከምሮ ይነድዳል፣ ጭሱ አዳራሹ ውስጥ ገብቶ ሰዉን ያስለዋል። ለታ መድረኩ ላይ ቆሞ የሚያድሩ ልጆችን ወላጆች እንዴት ማሳመን እንደሚቻል ያስረዳል። በሩ ሲደበደብ ምግብ አቅራቢዎቹ መስለውኝ ከፈትኩ።

ወይዘሮ ማናዬ ናት ከፊት። ነጠላዋ የለም። «ልጄን አምጡ» አለች። አልጮኸችም፣ ድምፅ አልቀረላትም። ከኋላዋ ሰፈሩ ሁሉ ነበር። የማውቃቸው ሰዎች ናቸው። ዳቦ የሚሸጥልኝ ሰውዬ አለ። ዘወትር «እንዴት አደርሽ የኔ ቆንጆ» የምትለኝ ጎረቤት ዱላ ይዛለች። አንዱ ባነሩን ቀድዶ ያውለበልባል። «ራሳቸው ጽፈውታል! መርፌውን እዩት!»

እኔ ማስረዳት ጀመርኩ። «ጥልፍ ማለት እኮ…» አልኩ። ሰዉ ዱላ ይዞ እኔ ስለ ቃል ትርጉም! ራሴን በጥፊ ማላጋት ያምረኛል ሳስበው።

ድንጋይ መስኮቱን ሰበረው። ከዚያ በኋላ ቅደም ተከተሉ የለኝም። ላፕቶፖቹን መሬት እየጣሉ በተረከዝ ይረግጧቸዋል። የሳሪሱ አዘጋጅ ጠረጴዛ ሥር ገባ፣ በእግሩ ጎትተው አወጡት፣ ግንባሩ ተሰንጥቆ ፊቱ ቀላ። ሶፊን በፀጉሯ ይዘው ግድግዳው ጋ አጋጯት። እኔ ወንበር አንሥቼ አንዱን ጀርባው ላይ መታሁት። ወደቀ፤ ደግሜ መታሁት። አንዲት ሴት ክንዴን ስትይዘኝ ነከስኳት፤ አፌ ውስጥ ጨው ጨው አለኝ። ደስ ብሎኝ ነበር ብል ማን ያምነኛል? ለዚያች ቅጽበት ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ ከጭሱ ውስጥ አንድ ድምፅ፤ «ለታ የሚባለው የትኛው ነው?»

ድምፁን አላወቅሁትም። ጭስ ነበር። ስሙን ከየት እንዳወቁትም አላውቅም።

ለታ መሮጥ ይችል ነበር፤ ከመድረኩ ጀርባ በር አለ፣ ላሞቹ ጋ የሚያወጣ። አልሮጠም። «እኔ ነኝ። ልጅቷን እኔም እየፈለግኋት ነው» አለና ወረደ። ክብ ሠርተው ያዙት። በእርግጫ ነው የጀመሩት። ድምፁ ጆሮዬ ውስጥ ነው፣ እርጥብ ልብስ ድንጋይ ላይ ሲመታ የሚሰጠው ዓይነት። ከዚያ ብረት አየሁ፣ ረጅም፣ ጫፉ የተጠማዘዘ። አንድ ጊዜ ከፍ አለ፣ አንድ ጊዜ ወረደ። ለታ ፊቱን ይዞ ተንበረከከ። በጣቶቹ መሃል የሚወርደው ደም ብቻ አልነበረም።

ባነሩን ደጅ ከሚነደው ቆሻሻ ላይ ጣሉት። ጋሽ ቀጄላ ጥይት ወደ ሰማይ ተኩሰው ነው ሰዉ የተበተነው። እሳቸው ለታን ሲያነሡት እንደ ሕፃን አቅፈውት ነበር።

ኖላዊ ማታ ዘግይቶ ገባ። እጁ በጨርቅ ታስሯል፣ የሱቁ በር መታኝ አለ። እማዬ በሞቀ ውኃ አጠበችለት።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ቲና ተገኘች። ሞጆ፣ አባቷ ቤት። እናቷ ስልኳን ስለቀማቻት ተናድዳ ሄዳ ነው። አባቷ ለእናትየው አልነገራትም፣ አይነጋገሩም። ደህና ናት። ምንም አልሆነችም።

ሰፈሩ «ተመስገን» ይላል። ዳቦ ቤቱ ጋ ሁለት ሰዎች፤ «ቢሆንም ስሙ ራሱ ጥሩ አይደለም፣ ሰዉ ምን ያድርግ?» ዳቦውን ትቼ ወጣሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ግራ ዓይኑ አይተርፍም አሉ ሐኪሞቹ። ቀኙን ለማዳን ግራውን ማውጣት አለብን አሉ።

ወይዘሮ ማናዬ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ መሬት ተቀምጣለች። ጋሽ ቀጄላ ሊያስገቧት አልፈለጉም፣ መልሰው ደግሞ ወንበር አመጡላት። እኔ ባየኋት ጊዜ ጉሮሮዋን ማነቅ ነበር ያማረኝ። እግሬን ልትይዝ ስትል ሸሸሁ።

ሳጅን ማኑሄ የሚባል መርማሪ መጥቶ ለታን ጠየቀው። እኔ አልጋው ግርጌ ቆሜያለሁ። «ብረቱን የያዘው ማነው?» «አላየሁም።» «ፊት ለፊትህ ነበር ይላሉ።» «ጭስ ነበር» አለ ለታ። እኔም ስጠየቅ ጭስ ነበር አልኩ። ሳጅኑ ሁለታችንንም ተራ በተራ አየን። «ብዙ ጭስ ነበር ማለት ነው» አለና ወጣ።

ዓርብ፣ ኅዳር 19

ኖላዊ ሱቅ ሄድኩ፣ ስልኬ መስታወቱ ተሰንጥቆ። የሱቁን ሻተር፣ ያንን ተጠቅላይ የብረት በር፣ ከላይ የሚስብበት መንጠቆ የለም። ወንበር ላይ ቆሞ በእጁ ነው የሚዘጋው። «የት ሄደ?» አልኩ። «ሌባ ወሰደው።» ሰፈሩ በሌባ ተሞልቷል፣ እውነቱን ነው። ብረት ደግሞ በኪሎ ይሸጣል።

ስለ ለታ አንድም ቀን አልጠየቀኝም። ቤት ውስጥ ስለ ለታ ማውራት የጀመርኩ እንደሆነ ይነሣል። ማታ ሲገላበጥ በግድግዳው በኩል እሰማዋለሁ። ደግ ልጅ ነው ኖላዊ፣ የሰው ሕመም አይችልም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 24

የቴሌግራም ቡድናችን እየፈረሰ ነው። እገሌ ወጣ። እገሊት ወጣች። ቀኑን ሙሉ ይህን ሳይ እውላለሁ። የሐዋሳው አዘጋጅ «ቤተሰብ አለኝ፣ ይቅርታ» ብሎ ጽፎ ወጣ። ፈሪ ብዬ ጻፍኩለት። ሶፊ አጠፋችውና ደወለችልኝ። «የተጎዳን ሰው አትሳደቢ» አለችኝ፤ የእሷ ራስ ራሱ ገና እንደተሰፋ ነው።

ትናንት ማታ በሕልሜ የማተሚያ ቤቱን ልጅ በወንበር ስደበድበው አደርኩ። ሲዞር ፊቱ የኔ ነው።

እማዬ ጾም ይዛለች። «ያ ልጅ ዓይኑ እንዴት ሆነ?» ትለኛለች ጠዋት ጠዋት። ስሙን አትጠራም። ከዚያ ወደ ኖላዊ ክፍል ታያለች። ለምን እንደምታይ አልጠየቅኋትም።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 4

ሶፊ ቤት፣ ብስራተ ገብርኤል፣ የቀረነው ተሰበሰብን። ሳሎኑ በቃን። የሳሪሱ አዘጋጅ በፋሻ ተጠምጥሞ መጣ፤ ወንበሬን ለቀቅኩለት።

ደንባችን ነውና የተበላሸውን እኔ ተነሥቼ ተናገርኩ። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ አልኩ። መርፌውን እንዲቀየር ለታ ሲለምነኝ እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ልጅ ጠፍታ ሰፈሩ ሲታመስ ስብሰባውን አላራዝምም ያልኩትም እኔ ነኝ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ማንም አልነቀፈኝም፣ ሁሉም አቀርቅሮ ይጽፋል። የሳሪሱ «ከመጀመሪያው ሰፈሩን እንጥራ፣ እናቶችን ፊት ወንበር ላይ እናስቀምጥ፣ ምን እንደምንሠራ በዓይናቸው ይዩ» አለ። ሶፊ ደግሞ «ደጅ የሚለጠፈውን ከኛ ሙያ ውጭ ለሆነ ሰው አስቀድመን እናስነብብ» አለች። ቀላል ነገር እኮ ነው። ስሙን ለእማዬ ስነግራት ያስነበብኳት ያህል ነው፣ እሷም ነግራኝ ነበር።

ሁሉንም ተናግሬያለሁ። ያስቀረሁት የለም።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 7

ለታ ከሆስፒታል ወጥቶ አጎቱ ቤት ነው። ሄድኩ። ፋሻው ከግማሽ ፊቱ በላይ ይዟል። ቀሪው ዓይኑ ብርሃን ስለሚያመው መጋረጃው ተጋርዷል። ብርቱካን ላጥኩለት። ከመብላቱ በፊት እጄ ላይ በጣቶቹ ፈልጎ አገኘው፤ ርቀቱ ይሳሳትበታል። ይህን ሳይ ወጥቼ ላሞቹ ጋ ቆሜ ግድግዳውን በጡጫዬ መታሁ።

ስመለስ ስለ ማኅበሩ ጠየቀኝ። የተባባልነውን ነገርኩት። ደስ አለው። ስለ ወላጆች የጀመረውን ንግግር በጽሑፍ እጨርሰዋለሁ፣ አንቺ ትጽፊልኛለሽ አለኝ።

ልወጣ ስነሣ፣ በጣም በቀስታ፤ «የኖላዊ እጁ ዳነለት?»

ስለ ኖላዊ እጅ ለማንም አልተናገርኩም።

«ዳነለት» አልኩ። «ጥሩ» አለ። ቀሪዋን ዓይኑን ጨፈነ። ታክሲ ሳልይዝ ከላፍቶ እስከ ቤት በእግሬ መጣሁ፣ መኪና ሁሉ ይነፋብኛል።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 9

እማዬ ቤተ ክርስቲያን እያለች ኖላዊን ያዝኩት። «ብረቱ የት ነው?» አልኩ። «የምን ብረት?» የድስቱን ክዳን አንሥቼ መታሁት። ጆሮው ላይ። አልተከላከለም። ደግሜ መታሁት፣ አፉ ደማ፣ አሁንም ዝም ብሎ ቆመ። ብንደባደብ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ማልቀስ ጀመረ። ልጅቷን ገድሏት መሰለኝ አለ። እጁ ላይ ሊመታው ነበር የፈለገው፣ ለታ ቀና አለበት። ማታ ማታ ያንን ቀና ያለውን ፊት ያየዋል። ብረቱን ቦዩ ውስጥ ወርውሮታል። «ሌላው ሰው በነሲብ ነው የገባው፣ እኔ ግን እርግጠኛ ነበርኩ» አለ። «ለምን እርግጠኛ ሆንክ?» አልኩት፤ ክዳኑ እጄ ላይ ነው። ቀና ብሎ አየኝ። «አንቺ አይደለሽም እንዴ እራት ላይ…»

አላስጨረስኩትም። መታሁት። ክዳኑ ታጥፏል፣ የእማዬ ጥሩ ድስት ነበር።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 10

ፖሊስ ጣቢያ ነበርኩ።

ሳጅን ማኑሄ ምሳ እየበላ ነበር፣ ሳህኑን ወደ ጎን አደረገ። «ጭሱ ገለል አለ?» አለኝ። አዎ አልኩ። «ብረቱን የያዘው ሰው ምንሽ ነው?» «ወንድሜ።» ብዕሩን አቆመ። ሻይ ልዘዝልሽ አለኝ፣ አልፈልግም አልኩ። የምለውን ሁሉ ቃል በቃል ጻፈ፣ አነበበልኝ፣ ፈረምኩ። ድምፁንም ያን ቀን አውቄው ነበር። ይህንንም አስጻፍኩ።

ከሱቁ ወሰዱት። ሮጦ አላስቸገራቸውም አሉ።

እማዬ በሩን ከውስጥ ቆልፋለች። ሳንኳኳ ከበሩ ጀርባ ትንፋሿ ይሰማኛል። «እማ» አልኩ። «እኔ ልጅ የለኝም፣ ሁለቱም ሄደዋል» አለች። ለስለስ ባለ ድምፅ ነው ያለችው፣ እንግዳ እንደምታሰናብት። ትሰድበኝ ነበር የፈለግኩት።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 12

ሶፊ ቤት ነኝ። ልብሴን ጎረቤት በፌስታል አምጥታልኛለች፣ እማዬ ናት የላከችው፣ ታጥቦ ተተኩሶ።

ለታ ጋ ደወልኩ። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር ይሆን? እንጃ። ቢያንስ አመሰግናለሁ ይለኛል ብዬ ነበር።

«ማን አድርጊ አለሽ?» አለኝ። እንዲህ ተቆጥቶ ሰምቼው አላውቅም።

«እውነቱን ነው የተናገርኩት።»

«እውነቱንማ አልጋው ላይ ሆኜ እኔም አውቀው ነበር። እናትሽ ያላት እናንተ ብቻ ናችሁ። እኔ ዓይኔ ላይመለስ እሷ ለምን ትክሰር ብዬ ነው የዋጥኩት። ይህን ነጥቀሽኛል።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩት።

እሱ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ወንድምሽ ስሜን ጠርቶ ነው የገባው። ሌላው ስሜን አያውቅም። እኔንና ያቺን ልጅ ማን አያያዘለት?»

ሳጅኑ በጻፈው ቃል ውስጥ ይህ የለም። አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም። ሶፊ ሳሎን ቆሜ ስናገርም የለም። እዚህ ደብተር ላይ እንኳ «እንደ ቀልድ» ብዬ ነው የጻፍኩት። ቀልድ አልነበረም። ያን ሰሞን ያቺን ሕፃን ልጅ አጠገቡ ተቀምጣ ሳያት ለሁለቱም አንድ ክፉ ነገር ተመኝቼላቸዋለሁ። እወደዋለሁ። ሌላ ስም የለውም።

«እኔ ነኝ» አልኩት። «ለኖላዊ ይዟት ይጠፋል አልኩት። ቀንቼ ነው።»

ከበስተጀርባው ጋሽ ቀጄላ ላሞቹን ሲያስገቡ ይሰማል። አልዘጋውም። እኔም አልዘጋሁትም። ካርዴ እስኪያልቅ ሁለታችን እንደዚያው ስልኩን ይዘን ቆየን።

ሶፊ የሷን ስልክ አምጥታ «በዚህ ደውዪለት» አለችኝ። ይቅር አልኳት፤ እሱ ቁጥሬን ያውቀዋል። ሲመሽ ስልኬን ቻርጅ ላይ ሰካሁት። እስካሁን አልደወለም።